«ውድቅ ሆኗል» የሚል ደብዳቤ ከካናዳ ሲመጣ

(በመሠረተ ትምህርት የሬዲዮ ፕሮግራም የተሰጠ ንግግር)

በሊበን፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያው ባሉት ቀበሌዎች ፊደል ቆጥራችሁ አሁን ንባብ የጀመራችሁ ሁሉ፣ የዛሬው ንግግራችን ስለ አንዲት ወረቀት ነው። ወረቀቷ የመጣችው ከካናዳ ነው። የተጻፈችው በእንግሊዝኛ ነው። ሐዘኗ ግን የገባው እዚሁ ጎጃም፣ በሬ ሸጠው ልጃቸውን ባስተማሩ አባት ቤት ነው።

ወረቀቷን በ2017 ዓ.ም. ግንቦት 21 ቀን ይዘውልኝ የመጡት አንድ ጎረቤቴ ናቸው። ልጃቸው ነርስ ናት። ባሕር ዳር ተቀጥራ ትሠራለች። ለካናዳ መንግሥት «በሙያዬ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ይሰጠኝ» ብላ አመልክታ ነበር። መልሱ በስልኳ መጣ። እሷም በወረቀት አሳትማ ለአባቷ ሰጠች። አባት ወረቀቷን አራት ላይ አጥፈው በኮታቸው ኪስ ይዘዋት ሰነበቱ።

«መምህር፣ እስኪ ይችን አንብብልኝ። ልጂቱ ይች ከመጣችባት ወዲህ እህል አይወርድላትም» አሉኝ።

«አባባ፣ መቼ ነው የመጣችው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔ ምኑን ዐውቄ! ቀን ተጽፎባት የለም?»

አዎ፣ ተጽፎባታል። ትምህርታችንም የሚጀምረው ከዚያች ቀን ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ቃል አብረን እናንብብ። ው-ድ-ቅ። ውድቅ። ማመልከቻ ውድቅ ሆነ ማለት ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም ማለት ነው። አመልካቹ ወንጀል ሠርቷል ማለት አይደለም። ለዘለዓለም ተከልክሏል ማለትም አይደለም። ይህን ሳይለዩ ስንቶች ቤት ዘግተው አልቅሰዋል!

ለመሆኑ ካናዳ ባለሙያ የምትመርጠው እንዴት ነው? እንደ ትምህርት ቤት ፈተና በነጥብ ነው። ነጥብ መስጠት የተጀመረው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1967 ነው። ዛሬ «የፌዴራል ባለሙያ ሠራተኛ» በሚባለው መንገድ የሚያመለክት ሰው ከ100 ነጥብ ቢያንስ 67 ማግኘት አለበት። ለቋንቋ እስከ 28፣ ለትምህርት እስከ 25፣ ለሥራ ልምድ እስከ 15፣ ለዕድሜ እስከ 12፣ ካናዳ ውስጥ ሥራ ተዘጋጅቶለት እንደሆነ 10፣ ከአገሩ ጋር ለመላመድ ለሚረዱ ነገሮች ደግሞ እስከ 10 ይሰጣል። እስኪ ደምሩት፤ 100 ይመጣል። ከዚህ በተጨማሪ ቢያንስ አንድ ዓመት ሳይቋረጥ፣ በሳምንት 30 ሰዓት በሙያው መሥራቱን በማስረጃ ማሳየት አለበት።

የጎረቤቴን ልጅ የጣላት ይኸው የመጨረሻው ነው። ደብዳቤው «የሥራ ልምድሽን አላረጋገጥሽም» ይላል። ልጂቱ አምስት ዓመት ሙሉ ሌሊትና ቀን በሽተኛ አስታማለች! ታዲያ ምን ጎደለ? ማስረጃዋን ወስጄ አየሁት። የእኛን አገር የሥራ ልምድ ወረቀት ታውቁታላችሁ፤ ሦስት መስመር ነው። «ከዚህ ቀን ጀምሮ በነርስነት ትሠራለች፤ ደመወዟ ይህን ያህል ነው፤ በጠየቀችው መሠረት ይህ ተሰጣት» ይልና ማኅተም ያርፍበታል። ለእኛ ይበቃል። ካናዳ ያለው መርማሪ ግን ምን ምን ሥራ ትሠራ እንደነበር፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሠራች፣ የዓመት ደመወዟንና የአለቃዋን ፊርማና አድራሻ ጭምር ይፈልጋል። እሱ ልጂቱን አያውቃት፤ የሚያውቀው ወረቀቱን ብቻ ነው።

ሌላም ጉድ ነበረበት። ወረቀቱ «ከመስከረም 2012» ይላል። ተርጓሚው ወሩን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ ዓመቱን ሳይለውጥ 2012 ብሎ ተወው። ልጂቱ ደግሞ በቅጹ ላይ በትክክል 2019 ብላ ሞልታለች። መርማሪው ሁለቱን አስተያየና «አይገጥሙም» አለ። እንግዲህ ይህን በደብተራችሁ ጻፉት፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ በእኛ ዓመት ላይ 7 ጨምሩ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ጨምሩ። የፈረንጆቹን ታገኛላችሁ። ይህችን ሒሳብ ያላወቀ ሰው የአምስት ዓመት ሥራ ያበላሻል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ደብዳቤው ከመጣ በኋላ ምን ማድረግ ይቻላል?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚለው «ይግባኝ እንበል» ነው። በዚህ መንገድ ላመለከተ ባለሙያ ግን እኛ የምናውቀው ዓይነት ይግባኝ የለም። ካናዳ የስደት ጉዳይ ይግባኝ ሰሚ ክፍል አላት፤ እሱ ግን ዘመዱን ለማስመጣት አመልክቶ የተከለከለውን ሰው የመሰለ ሌላ ጉዳይ ነው የሚያየው። ለባለሙያው ያለው በር የካናዳ ፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። ይህ ፍርድ ቤት የእኛን ሰበር ይመስላል። የመሬት ክርክር ይዛችሁ ሰበር የደረሳችሁ ታውቁታላችሁ፤ መጀመሪያ «ያስቀርባል ወይስ አያስቀርብም» ይባላል። እዚያም እንዲሁ ነው። ዳኛው መጀመሪያ ጉዳዩ እንዲሰማ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። ከከለከለ በዚያው ያበቃል። ከፈቀደና አመልካቹ ከረታም ፍርድ ቤቱ ራሱ የመኖሪያ ፈቃድ አይሰጥም፤ «ሌላ መርማሪ እንደገና ይየው» ብሎ ይመልሰዋል እንጂ። ዳኛው የሚያየው መርማሪው በፊቱ በነበረው ወረቀት ላይ በአግባቡ ፈርዷል ወይ የሚለውን ነው። መርማሪው ያላየውን አዲስ ማስረጃ ይዞ መሄድ በአብዛኛው አይጠቅምም።

ለፍርድ ቤቱ የሚከፈለው 50 የካናዳ ዶላር ነው። ከባዱ የጠበቃው ዋጋ ነው። ጊዜውም አጭር ነው። ጉዳዩ ከካናዳ ውጭ የተነሣ ከሆነ ውሳኔውን ካወቁበት ቀን በኋላ 60 ቀን፣ ካናዳ ውስጥ የተነሣ ከሆነ 15 ቀን ብቻ ነው። ዳኛው በልዩ ምክንያት ጊዜ ሊጨምር ይችላል፤ በዚያ መተማመን ግን አይገባም።

እዚህ ላይ የእኛ ቀን አቆጣጠር ይረዳናል። ወራችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ 60 ቀን ማለት ልክ ሁለት ወር ነው። መሐል ጳጉሜን ከገባች ብቻ እሷን አስቡ። የጎረቤቴ ልጅ ደብዳቤ በፈረንጅ ሜይ 9 ይላል። በእኛ ግንቦት 1 ነው። ስለዚህ ቀኑ የሚያልቀው ሐምሌ 1 ነው። ወረቀቷ በኮት ኪስ ውስጥ ሳለች 20 ቀን ሄዷል፤ የቀረው 40 ነው። ይህን ስነግራቸው አባትየው ኪሳቸውን ዳሰስ አድርገው ዝም አሉ።

ሁለተኛው መንገድ መርማሪውን ራሱን «እባክህ እንደገና እየው» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ነው። ይህ የሚጠቅመው የመርማሪው ስሕተት ግልጽ ሲሆን ነው፤ ለምሳሌ የላካችሁትን ወረቀት «አልላካችሁም» ሲል። መሥሪያ ቤቱ እንደገና የማየት ግዴታ የለበትም። ጥያቄው መልስ እስኪያገኝም የፍርድ ቤቱ ቀን ቆሞ አይጠብቅም። ስንቱ ሰው የዚህን መልስ ሲጠብቅ 60ው ቀን ያልቅበታል!

ሦስተኛው መንገድ የጎደለውን አሟልቶ እንደገና ማመልከት ነው። አንድ ጊዜ ውድቅ መሆን ዳግመኛ ከማመልከት አያግድም። ነገር ግን እንደ አዲስ ነው የሚጀመረው፤ መመዝገብ፣ ተራ መጠበቅ፣ ግብዣው ሲመጣ ደግሞ በ60 ቀን ውስጥ ሁሉንም ማስገባት። የቋንቋ ፈተና ውጤት የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ስለሆነ ጊዜው ካለፈ እንደገና መፈተን ያስፈልጋል። ማመልከቻው ለታየበት የተከፈለው ገንዘብ አይመለስም፤ ለመኖሪያ መብት የተከፈለው ግን ይመለሳል።

አዲሱ ቅጽ «ከዚህ በፊት ተከልክለህ ታውቃለህ?» ብሎ ይጠይቃል። እውነቱን ጻፉ። ይህን የደበቀ፣ ወይም ሐሰተኛ ማስረጃ ያስገባ ሰው ለአምስት ዓመት ይታገዳል።

ካናዳ ውስጥ በሥራ ፈቃድ ላይ ያለ ልጅ ያላችሁም ትኖራላችሁ። የቋሚ መኖሪያ ጥያቄው ስለወደቀ ብቻ የሥራ ፈቃዱ አይሰረዝም፤ ቀኑ እስኪያልቅ ይሠራል። ቀኑ ሳያልቅ ማራዘሚያ ይጠይቅ በሉት። እሱ ደግሞ የሚሮጠው ከ15 ቀን ጋር መሆኑን አትርሱ።

አሁን ወደ ደላላው ልምጣ። ጎረቤቴ ቤት አንድ ሰው መጥቶ «የአንድ ጥማድ በሬ ዋጋ ስጡኝ፤ ከውስጥ ሰው አለኝ፤ ፋይሉን አስከፍታለሁ» ብሏቸው ነበር። እንዲህ ዓይነት «ከውስጥ» የለም። በክፍያ ሰውን ሊወክል የሚችለው በካናዳ የተመዘገበ ጠበቃ ወይም ፈቃድ ያለው አማካሪ ነው። አማካሪዎቹን የሚቆጣጠር ኮሌጅ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2021 ሥራ ጀምሯል። ስማቸው ለሁሉ ሰው በተከፈተ መዝገብ ላይ ይገኛል፤ ስልክ ያለው ልጅ በነጻ ያየዋል። አማካሪ ግን ፌዴራል ፍርድ ቤት ቆሞ አይከራከርም፤ ለዚያ ጠበቃ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ደላላማ ብሶበት «በካናዳ ካልሆነ በመተማ አሻግራለሁ» ይላል። ከመተማ ማዶ ያለችው ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት የገባባት አገር ናት። ነርስን ያህል ባለሙያ በዚያ በኩል ስደድ የሚል ሰው ምን ዓይነት ልብ ቢኖረው ነው?

ልጂቱ ምን አደረገች? ደብዳቤውን አብረን ሦስት ጊዜ አነበብነው። ጥፋቱ የመርማሪው ሳይሆን የማስረጃው ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ ፍርድ ቤቱን ትታ እንደገና ማመልከትን መረጠች። መሥሪያ ቤቷ የሥራዋን ዝርዝርና የሳምንት ሰዓቷን ያካተተ አዲስ ደብዳቤ ለመጻፍ ሁለት ወር አመላለሳት። በመጨረሻ ጻፈላት። ቀኖቹን እሷ ራሷ አንድ በአንድ አስተካከለች። ካናዳ በፈረንጅ ከ2023 ጀምሮ የጤና ባለሙያዎችን ለብቻ መጥራት ስለጀመረች ተስፋ አድርጋ ተመዝግባለች። እስከዚያው ሥራዋ ላይ ናት። አባትየው በሬያቸውን አልሸጡም።

በሚቀጥለው ጊዜ የልደት ምስክር ወረቀት እንዴት እንደሚነበብ እንማራለን። ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ጠብቁኝ። ደኅና ሰንብቱ።