የበዓል ሰሞን ፊልሞችና ድራማዎች ቀን እንዴት ይቆረጥላቸዋል?

ዓውደ ዓመት በተቃረበ ቁጥር የፊልም ማስታወቂያዎች በየአደባባዩ ይበዛሉ። የቴሌቪዥን ጣቢያዎችም በበዓሉ ዕለት የሚያቀርቧቸውን ድራማዎች፣ ጭውውቶችና የሙዚቃ ዝግጅቶች ደጋግመው ያስተዋውቃሉ። ተመልካቹ በበኩሉ የሚወደው ተከታታይ ድራማ ቀጣይ ምዕራፍ መቼ እንደሚጀመርና ለበዓሉ የትኛው አዲስ ፊልም እንደሚመረቅ አስቀድሞ ያጠያይቃል። ይህ የተመልካች ጉጉት በአጋጣሚ የሚፈጠር አይደለም። ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በፊት በሚደረግ የጊዜ ስሌት የሚዘጋጅ ነው።

አንድ ፊልም ወይም ድራማ ለሕዝብ የሚቀርብበት ቀን ከይዘቱና ከተዋንያኑ ባልተናነሰ የሥራውን ዕጣ ይወስናል። በጥሩ ቀን የወጣ ሥራ ወጪውን መልሶ ለቀጣዩ ሥራ መነሻ ይሆናል፤ ቀኑን የሳተ ደግሞ ጥራት ቢኖረውም ተመልካች ሳያገኝ ሊያልፍ ይችላል። ጉዳዩ የፊልም ባለሙያዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በባሕልና በኮሙዩኒኬሽን፣ በበጀትና በግዥ እንዲሁም በፍትሕ ዘርፍ የተሰማሩ የመንግሥት ተቋማትም አሠራራቸው ከዚህ የጊዜ ሰሌዳ ጋር በቀጥታ ይገናኛል።

የመዝናኛ ሥራዎችን በወቅት ከፋፍሎ የማቅረብ ልማድ በስፋት የዳበረው በዩናይትድ ስቴትስ ነው። የአገሪቱ ሬዲዮ ጣቢያዎች ቴሌቪዥን ከመስፋፋቱ በፊት ዋና ዋና ዝግጅቶቻቸውን በበልግ ጀምረው አድማጭ በሚቀንስበት በበጋ ያቋርጡ ነበር። ቴሌቪዥንም ይህንኑ ወርሶ አዳዲስ ተከታታይ ድራማዎችን በሴፕቴምበር ወር አካባቢ መጀመርና በሜይ ማጠናቀቅን መደበኛ ሥርዓቱ አደረገ። ማስታወቂያ አስነጋሪ ድርጅቶችም የዓመቱን የአየር ሰዓት አስቀድመው ስለሚገዙ፣ የጣቢያዎቹ የገንዘብ እንቅስቃሴ ከዚሁ ሰሌዳ ጋር ተሳሰረ።

በሲኒማ ረገድ ትልቁ ለውጥ የታየው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። የስቲቨን ስፒልበርግ ሥራ የሆነውና ስለ አንድ አደገኛ ሻርክ የሚተርከው «ጆውስ» የተሰኘው ፊልም በዚያ ዓመት ጁን 20 ቀን ከ400 በሚበልጡ አዳራሾች በአንድ ጊዜ ለዕይታ ቀረበ። ከመውጣቱ በፊት በቴሌቪዥን በስፋት ተዋውቆ ነበር። እስከዚያ ድረስ የበጋው ወቅት ለታላላቅ ፊልሞች የማይመች ተደርጎ ይታይ የነበረ ሲሆን፣ የ«ጆውስ» ስኬት ግን ወቅቱን ከሁሉም ይበልጥ ተፈላጊ አደረገው። ከዚያ ወዲህ የሆሊውድ ኩባንያዎች ለበጋና ለዓመቱ መጨረሻ በዓላት የሚሆኑ ቀኖችን ከዓመታት በፊት ይዘው የሚያስተዋውቁበት ልማድ ሥር ሰደደ።

በሌሎች አገሮች ደግሞ ወቅቱን የሚወስነው የሕዝቡ በዓል ነው። በቻይና የጨረቃ አዲስ ዓመት ሰሞን የዓመቱ ዋነኛ የፊልም ገበያ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 በበዓሉ ዕለት ለዕይታ የቀረበው «ነዣ 2» የተሰኘው የአኒሜሽን ፊልም ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ በማስገባት በዘርፉ ከፍተኛውን የገቢ ክብረ ወሰን ይዟል። በናይጄሪያም የዲሴምበር ወር በዓላት ተመሳሳይ ድርሻ አላቸው። የፉንኬ አኪንዴሌ ሥራ የሆነው «ኤ ትራይብ ኮልድ ጁዳህ» እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ወጥቶ በአገር ውስጥ አዳራሾች ከ1 ቢሊዮን ናይራ በላይ በማስገባት የመጀመሪያው የናይጄሪያ ፊልም ለመሆን በቅቷል።

በግብፅና በሌሎች የዓረብ አገሮች ዋነኛው የቴሌቪዥን ድራማ ወቅት የረመዳን ወር ነው። ቤተሰብ ከአፍጥር በኋላ በአንድነት ስለሚቀመጥ፣ አዘጋጆች ለወሩ 30 ሌሊቶች 30 ክፍሎች ያሏቸውን ተከታታይ ድራማዎች ሲያቀርቡ ኖረዋል፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም 15 ክፍል ያላቸው ሥራዎች ተበራክተዋል። የረመዳን ወር በጨረቃ አቆጣጠር በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመጣ፣ አዘጋጆቹ የቀረጻ ጊዜያቸውን በየዓመቱ መከለስ ግድ ይላቸዋል።

ኢትዮጵያም የራሷ የበዓል የጊዜ ሰሌዳ አላት። የመጀመሪያው የአማርኛ ወጥ ፊልም መሆኑ የሚነገርለት «ሂሩት አባቷ ማነው?» ለዕይታ የበቃው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም በዚያው ዓመት ጥቅምት 23 ቀን ሥርጭቱን ጀምሯል። ዕለቱ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል መታሰቢያ ነበር። የአገሪቱ ቴሌቪዥን ታሪክ ከመነሻው ከበዓል ጋር የተቆራኘ ነው ማለት ይቻላል። በቀጣዮቹ ዓመታትም ጣቢያው ለአዲስ ዓመት፣ ለገናና ለፋሲካ የሚያዘጋጃቸው ልዩ ዝግጅቶች በየቤቱ የበዓሉ አካል ሆነዋል። እንደ አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፣ እንደ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ ያሉ ተዋንያን ያቀረቧቸው አስቂኝ ጭውውቶች እስከ ዛሬ የሚታወሱ ናቸው።

የበዓላቱ አቀማመጥ በራሱ ለአዘጋጆች መመሪያ ይሰጣል። ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ያለው ጊዜ 16 ቀን፣ ከገና እስከ ጥምቀት ያለው ደግሞ 12 ቀን ገደማ ነው። በእነዚህ ጥቂት ቀናት ሰው ዘመድ ይጠይቃል፣ ከቤተሰቡ ጋር ይውላል፣ ለመዝናኛም ገንዘብ ያወጣል። በአንጻሩ ለ55 ቀናት በሚዘልቀው ዐቢይ ጾም ሠርግና ጭፈራ ጋብ ስለሚል፣ ፋሲካ ሲደርስ የመዝናናት ፍላጎቱ ይጨምራል። ፋሲካም ሆነ የሙስሊሙ ኅብረተሰብ የዒድ በዓላት የሚውሉባቸው ቀናት ከዓመት ዓመት ስለሚለያዩ፣ ያለፈውን ዓመት ዕቅድ እንዳለ መድገም አያዋጣም።

ለእንቁጣጣሽ የታሰበ ሥራ ደግሞ የተለየ ፈተና አለበት። ከበዓሉ በፊት ያሉት ወራት ክረምት በመሆናቸው ከቤት ውጭ የሚደረግ ቀረጻ በዝናብና በጭቃ ይስተጓጎላል። በመሆኑም ቀረጻው በበጋው ወራት ተጠናቆ፣ የክረምቱ ጊዜ ለቅንብር፣ ለድምፅ ሥራና ለማስተዋወቅ መዋል ይኖርበታል። አዲስ ዓመትን የሚያበስረው አደይ አበባ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አደይ ሜዳውን የሚሸፍነው ከመስከረም ጀምሮ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ስለዚህ የእንቁጣጣሽ ፊልሙ በአደይ በተዋበ መስክ እንዲጀምር የሚፈልግ አዘጋጅ ትዕይንቱን ባለፈው ዓመት መስከረም መቅረጽ ነበረበት። የዘንድሮው አደይ ሲፈነዳ ፊልሙ አዳራሽ መግባት አለበትና።

ተመሳሳይ የጊዜ ችግር በመንግሥት አሠራር ውስጥም ይታያል። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። ከዚያ ዕለት ጀምሮ እስከ እንቁጣጣሽ ዋዜማ ድረስ ያለው ጊዜ ሐምሌ 30፣ ነሐሴ 30፣ ጳጉሜን 5 ቀን ተደምሮ 65 ቀን ብቻ ይሆናል። አንድ ተቋም ለአዲሱ ዓመት የሚተላለፍ ድራማ ወይም ልዩ ዝግጅት ለማሠራት የግዥ ሂደቱን በጀቱ በጸደቀ ማግሥት ቢጀምር እንኳ፣ ጨረታ ለማውጣት፣ ለመገምገምና ውል ለመፈራረም የሚወስደው ጊዜ ሲቀነስ ለጽሑፍ፣ ለልምምድ፣ ለቀረጻና ለቅንብር የሚተርፈው ጥቂት ሳምንት ነው። በችኮላ የተሠራ ሥራ ደግሞ ቀኑን ቢያሟላም ጥራቱ ይጓደላል። መፍትሔው ፍላጎትን በበጀት ዓመቱ አጋማሽ ለይቶ፣ ጽሑፉን ቀደም ብሎ አስገምግሞ በዕቅድ መያዝ ነው።

በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማዎች ረገድ የኢትዮጵያ ተመልካች ልማድ ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት በእጅጉ ተለውጧል። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የቀረቡት «ገመና» እና «ሰው ለሰው» ተመልካች በሳምንት አንድ ቀን የሚጠብቃቸው ሥራዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 ኢቢኤስ፣ በ2016 ደግሞ የውጭ ድራማዎችን ወደ አማርኛ መልሶ የሚያቀርበው ቃና ሥርጭት ጀመሩ። በ2021 ለኢትዮጵያ ሥራዎች የተዘጋጀው አቦል ቴሌቪዥን ተከተለ። ቃና ሥራውን ሲጀምር የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ከአነስተኛ በጀታቸው አኳያ ውድድሩ ሚዛናዊ አይደለም የሚል ቅሬታ አሰምተው እንደነበር ይታወሳል። አማራጭ በበዛ መጠን አንድ ድራማ በምዕራፎቹ መካከል የሚወስደው ዕረፍት አደጋው ይጨምራል። ዕረፍቱ የሚያልቅበት ቀን ካልታወቀና ከተራዘመ፣ ተመልካቹ ወደ ሌላ ጣቢያ ሄዶ ሊቀር ይችላልና።

የተቆረጠ ቀን ሁልጊዜ ይከበራል ማለት ግን አይደለም። በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ሳቢያ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሕዝብ የሚሰበሰብባቸው ሥፍራዎች ሲዘጉ በኢትዮጵያም ሲኒማ ቤቶች ሥራ አቁመው፣ ለዚያ ዓመት ፋሲካ የታሰቡ ሥራዎች ቀናቸው አልፏል። በሆሊውድ እ.ኤ.አ. በ2023 የጸሐፍት ማኅበር ለ148 ቀናት፣ የተዋንያን ማኅበር ደግሞ ለ118 ቀናት ባካሄዷቸው የሥራ ማቆም አድማዎች ምክንያት በርካታ ሥራዎች ተራዝመዋል። «ዱን» የተሰኘው ፊልም ሁለተኛ ክፍል ከኖቬምበር 2023 ወደ ማርች 2024 የተሸጋገረው በዚሁ ሳቢያ ነበር። ዲዝኒም በሜይ 2025 ባወጣው መግለጫ፣ «አቬንጀርስ፦ ዱምስዴይ» የተሰኘውን ፊልም ከሜይ 1 ቀን 2026 ወደ ዲሴምበር 18 ቀን 2026 ማዛወሩን አስታውቋል። ቀን መለወጥ ገንዘብ ቢያስወጣም፣ አቅም ያለው ኩባንያ ያልተጠናቀቀ ሥራ ከማቅረብ ይልቅ ሌላ የበዓል ሰሞን መጠበቅን ይመርጣል።

ለኢትዮጵያዊ ፕሮዲዩሰር ይህ አማራጭ ጠባብ ነው። አብዛኛው ሥራ የሚሠራው ከግለሰቦች በሚሰበሰብ አነስተኛ ገንዘብ በመሆኑ፣ ወጪው የሚመለሰው ፊልሙ በአዳራሽ በሚቆይባቸው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ሕገ ወጥ ቅጂ ከፍተኛ ጉዳት የሚያደርሰውም በዚሁ ጊዜ ነው። በአዳራሽ በስልክ የተቀረጸ ወይም ከቅንብር ክፍል ያመለጠ ቅጂ በበዓሉ ሳምንት በፍላሽና በኢንተርኔት ከተሰራጨ፣ ክሱ ከወራት በኋላ ቢረታም የበዓሉ ገበያ አይመለስም።

በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣውና በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ሕግ ለፊልም ሥራዎች በአሥርት ዓመታት የሚቆጠር ጥበቃ ይሰጣል። መብትን መጣስ የወንጀል ቅጣት እንደሚያስከትል የሚደነግግ ሲሆን፣ ፍርድ ቤቶችም ጥሰትን ለማስቆም ጊዜያዊ እርምጃ እንዲወስዱ ይፈቅዳል። ከጊዜ አንጻር ሲታይ ከእነዚህ ሁሉ ለፕሮዲዩሰሩ ፈጥኖ የሚደርስለት ጊዜያዊ እርምጃው ነው። ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግና ፍርድ ቤት በበዓል ሰሞን የሚቀርብላቸውን አቤቱታ በዕለቱ ካላስተናገዱት ግን ጥበቃው በወረቀት ላይ ይቀራል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ያጸደቀው የፊልም ፖሊሲም ዘርፉ ለኢኮኖሚው ድርሻ እንዲኖረው ያለመ እንደመሆኑ፣ ግቡ የሚለካው በእንዲህ ያለው የዕለት ተዕለት አፈጻጸም ነው።

የኢንተርኔት ሥርጭት መስፋፋት ወቅትን ትርጉም ያሳጣዋል የሚል ግምት በአንድ ወቅት ነበር። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2013 የ«ሃውስ ኦቭ ካርድስ» 13 ክፍሎችን በአንድ ቀን ሲለቅ ይህ ግምት ተጠናክሮ ነበር። ይሁንና ይኸው ድርጅት የ«ስትሬንጀር ቲንግስ» መጨረሻ ምዕራፍን እ.ኤ.አ. በ2025 ኖቬምበር 26፣ ዲሴምበር 25 እና ዲሴምበር 31 ከፋፍሎ አቅርቧል፤ ቀኖቹ የምስጋና በዓል ዋዜማ፣ የፈረንጆች ገናና የአዲስ ዓመት ዋዜማ ናቸው። የኢትዮጵያ ፊልሞችና ድራማዎችም ከአዳራሽና ከቴሌቪዥን ቀጥሎ በዩቲዩብ ስለሚሰራጩ፣ በሰሜን አሜሪካ፣ በአውሮፓና በመካከለኛው ምሥራቅ የሚኖሩ ወገኖች የአገራቸውን በዓል በእነዚህ ሥራዎች አማካይነት ጭምር ያከብራሉ። የማሠራጫው ዓይነት ቢለወጥም፣ ቤተሰብ በአንድነት የሚቀመጥበት ቀን አልተለወጠም።

ስለሆነም በመጪው በዓል አዲስ ፊልም ወይም የድራማ ምዕራፍ የሚጠብቅ ተመልካች በዕለቱ የሚያየው ከዓመት በፊት የተጀመረ ሥራን ፍጻሜ ነው። ሥራውን የሚያዝዝ፣ የሚደግፍ ወይም መብቱን የሚያስከብር መሥሪያ ቤትም ከዚሁ አቆጣጠር ውጭ ሊሆን አይችልም። ለቀጣዩ እንቁጣጣሽ የታሰበ ሥራ ጽሑፉ ተጠናቆ በበጋው ቀረጻ ካልተጀመረለት፣ በሐምሌ የሚለቀቅ በጀት ብቻውን ለበዓሉ አያደርሰውም።