የሥነ ልቦና ዶክትሬት፦ ተረቱና እውነታው

በአሜሪካ ሥነ ልቦና ወይም ነርቭ ሳይንስ እስከ ዶክትሬት ለመማር የሚያስብ ወጣት ምክር አያጣም። ከሚሰማው ግን ብዙው መንገድ ያስታል።

ተረት፦ «የሥነ ልቦና ዶክትሬት ያለው ሁሉ ሰው ያክማል።»

እውነታ፦ የምርምር ዲግሪ ብቻውን ለሕክምና ፈቃድ አያበቃም። ታካሚ ለማየት በክሊኒካል ወይም በካውንስሊንግ ዘርፍ ሠልጥኖ፣ በባለሙያ ክትትል ሥር ከታካሚዎች ጋር የሚደረግ ልምምድ ጨርሶ የክፍለ ግዛቱን ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። የምርምር ተማሪ አብዛኛው ጊዜው የሚያልቀው ሙከራ ሲነድፍ፣ ኮድ ሲጽፍና ስታቲስቲክስ ሲሠራ ነው።

ተረት፦ «ማስተርስ ወይም ሀብታም ቤተሰብ የሌለው አይሞክረው።»

እውነታ፦ ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለምርምር ዶክትሬት ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ይቀበላሉ። የትምህርት ክፍያውን ሸፍነው፣ በማስተማር ወይም በምርምር ረዳትነት አበል ይከፍላሉ።

ተረት፦ «አንጎልን የሚያጠናው ሐኪም ብቻ ነው።»

እውነታ፦ ብሬንዳ ሚልነር ሐኪም አልነበሩም፤ እ.ኤ.አ. በ1952 በካናዳው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ በሥነ ልቦና ዶክትሬታቸውን ያገኙ ተመራማሪ ናቸው። ኤች.ኤም. በሚል ስም የሚታወቀው ሰው ለሚጥል በሽታው እ.ኤ.አ. በ1953 የአንጎል ቀዶ ጥገና ከተደረገለት በኋላ አዲስ ነገር ማስታወስ ተሳነው። ሚልነር እጁን በመስተዋት ውስጥ ብቻ እያየ የኮከብ ቅርጽ በእርሳስ እንዲከተል አደረጉት። በሦስት ቀን ልምምድ እጁ ተካነ፤ እሱ ግን መለማመዱን ጨርሶ አያስታውስም ነበር። ትውስታ አንድ ዓይነት ብቻ እንዳልሆነ ይህ ሙከራ አሳየ። መሣሪያው እርሳስ፣ ወረቀትና መስተዋት ነበር።

ተረት፦ «መላምቱ ያልተረጋገጠለት ተማሪ ወደቀ።»

እውነታ፦ ከሁሉም የሚጎዳው ተረት ይህ ነው፤ የተረጋገጠ የመሰለ ውጤትም ሁልጊዜ አይጸናምና። ተመራማሪዎች 100 የሥነ ልቦና ጥናቶችን ደግመው ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱን ሲያወጡ፣ በስታቲስቲክስ ጉልህ ውጤት የሰጡት ድጋሚ ሙከራዎች 36 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ የሞተ ሳልሞን ዓሣ ኤምአርአይ ውስጥ አስገብተው የሰዎች ፎቶ «አሳዩት»፤ ስሌቱ ሳይታረም ሲቀር የዓሣው አንጎል የሠራ መሰለ። በሺዎች የሚቆጠሩ ነጥቦች በአንድ ጊዜ ሲፈተሹ፣ ጥቂቶቹ በአጋጣሚ ብቻ «ውጤት» ያሳያሉ። ሥልጠናው ዋጋ የሚኖረው ተማሪው የገዛ ግኝቱን እንዲህ አጥብቆ መፈተን ሲማር ነው።

ስለዚህ አማካሪ ስትመርጡ ስንት ጽሑፍ እንዳሳተሙ ብቻ አትጠይቁ። ሙከራ የተጠበቀውን ሳያሳይ ሲቀር ተማሪዎቻቸው ምን እንደሚያደርጉ ጠይቁ። «እንዳለ ጽፈን እናወጣዋለን» የሚል መልስ ካገኛችሁ፣ እዚያ ተማሩ።