ሚኒባሱን ሸጦ ላንድክሩዘር? የወልቂጤና የቡታጅራ ተጓዥ ሂሳብ

መስቀል ሲቃረብ የመርካቶ ሱቆች ይዘጋሉ፤ ባለሱቆቹ ወደ አገር ቤት ይገባሉ። ለአረፋም ሙስሊሙ ቤተሰብ እንዲሁ ጓዙን ሸክፎ ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ፣ ከዚያም አልፎ ወደየመንደሩ ይጓዛል። ይህ ሁሉም የሚያውቀው ነው። እኛን ያነጋገረን የሚጓዙበት መኪና ጉዳይ ነው። ለረጅም ጊዜ አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅና ጎረቤት አንድ ላይ ተሳፍረው የሚገቡት በሚኒባስ ነበር። እቁብ የወጣለት ወይም ንግዱ የሰመረለት ነጋዴ አሁን ዓይኑን የሚጥለው ፕራዶና ላንድክሩዘር ላይ ነው።

«ሚኒባሱን ልሽጥና ትልቅ የቤት መኪና ልግዛ» የሚለው ሐሳብ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ለነጋዴ ግን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የምቾትና የክብር ብቻ አይደለም። ስምሪት ላይ ያለ ሚኒባስ የሚሠራ ካፒታል ነው። ግቢ ውስጥ የቆመ ላንድክሩዘር ደግሞ የተቀመጠ ካፒታል ነው። የሚሠራውን ወደሚቀመጠው ከመለወጥ በፊት ሰውን፣ መንገዱን፣ ነዳጁን፣ ወረቀቱንና የዓመቱን ቀናት መቁጠር ያስፈልጋል።

አስፋልቱና ከአስፋልቱ በኋላ

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሰበታን፣ ቱሉ ቦሎንና ወሊሶን አልፎ የሚገባ አስፋልት ነው። ቡታጅራ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን መንገዱ በመልካ ቁንጡሬ፣ በጢያና በቡኢ በኩል ያልፋል። ሁለቱ ከተሞች ዛሬ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ይገኛሉ። ክልሉ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ወልቂጤ በጉራጌ ዞን መቀመጫነት ሲቀጥል፣ ቡታጅራ ደግሞ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆኗል።

እስከ ሁለቱ ከተሞች ድረስ ሚኒባስ ምንም አይጎድለውም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። የበዓሉ መድረሻ ከተማው ሳይሆን መንደሩ ነው፤ ቸሃ፣ ጉመር፣ እዣ፣ መስቃን ወይም ሶዶ ሊሆን ይችላል። መስቀል የሚውለው ደግሞ ክረምቱ ገና እግሩን ሳያነሳ ነው። መሬቱ ውኃ እንደጠጣ ነው፣ ጭቃው አልደረቀም፣ ደጋው ጉመር ላይ ጉሙ አልተገፈፈም።

የአገሩ ሰው መንገድ ማለት ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች ከኪሳቸው አዋጥተው የራሳቸውን የመንገድ ሥራ ድርጅት ያቋቋሙት ሌላ ቀርቶ መኪና እስከ ቀያቸው እንዲገባ ነው። ዋና ዋና መንገዶች ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጠዋል። ከዋናው መንገድ እስከ ቤት ያለችው የመጨረሻዋ አሥር ኪሎ ሜትር ግን በብዙ መንደር ዛሬም አፈር ናት።

ለዚህች አሥር ኪሎ ሜትር ሃይኤስ አልተሠራም። «ዶልፊን» የምንለውም ሆነ «አባዱላ» የምንለው፣ በአገራችን በብዛት የሚታየው ጉልበቱ በኋላ ጎማ ብቻ ነው፤ ሆዱም ለመሬት ቅርብ ነው። ሙሉ ሰው ጭኖ ጭቃ ውስጥ ከገባ ተሳፋሪው ወርዶ መግፋቱ አይቀርም። ፕራዶና ላንድክሩዘር በአራቱም ጎማ ይጎትታሉ፣ ከባድ ማርሽም አላቸው። እንግዲህ ትልቁ መኪና ከሚኒባሱ የሚበልጥበት እርግጠኛው ቦታ ይኸው ነው። ጥያቄው በዓመት ስንት ቀን ነው የሚበልጠው የሚለው ነው።

ወንበር ሲቆጠር

ደላላ «ሰባት ሰው ይጭናል» ሲል ሦስተኛውን ረድፍ ከፍተው ይቀመጡበት። በፕራዶ የኋላዋ ረድፍ ለሁለት ልጆች እንጂ ለሁለት አዋቂ አትመችም። ከዚህም በላይ ሦስተኛው ረድፍ ሲዘረጋ የጭነት ቦታው ያልቃል። ወደ አገር ቤት ሲገቡ ስጦታውና ሻንጣው አለ፤ ሲመለሱ ደግሞ ቆጮው፣ ቅቤውና የማረቆው በርበሬ አለ። ይህ ሁሉ ፖርቶመጋላ ላይ ሊወጣ ነው ማለት ነው።

ሚኒባስ ከሹፌሩ ጋር 12 ሰው ይይዛል። አንድ ሚኒባስ ሙሉ ቤተሰብ ወደ ትልቅ የቤት መኪና ሲዛወር አምስት ሰው ሜዳ ላይ ይቀራል። እነዚያ አምስቱ በሕዝብ ማመላለሻ ከሄዱ ወጪው ተመልሶ እርስዎው ዘንድ ይመጣል። ጎን ለጎን አግዳሚ ያለው ባለረጅም አካል ላንድክሩዘር አሥርና ከዚያ በላይ ሰው ይጭናል። ነገር ግን ፊት ለፊት ተያይቶ፣ አብዛኛውን ጊዜም ያለ ቀበቶ መቀመጥ ለአያትና ለሕፃን የሚመከር አይደለም።

ለትልቁ መኪና የሚቆጠርለት ሌላ ነገር አለ። ባለሰባት ወንበሩን በአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ ራስዎ፣ ባለቤትዎ ወይም ልጅዎ ሊነዱት ይችላሉ። ሚኒባስ ግን የሕዝብ መንጃ ፈቃድ ስለሚጠይቅ ፈቃዱ የሌለው ባለንብረት ለበዓሉም ሹፌር መያዝ አለበት።

ነዳጅ በነፍስ ወከፍ

መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ከጀመረ ወዲህ የናፍጣ ወጪ በቀላሉ የሚታለፍ አልሆነም። ሂሳቡን በሊትር እንሥራው፤ ብሩን አንባቢ በዕለቱ ዋጋ ያባዛዋል።

ወልቂጤ ደርሶ መልስ 310 ኪሎ ሜትር ነው። ባለናፍጣ ሃይኤስ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ይጠጣል ብንል ለጉዞው 31 ሊትር ይፈልጋል። ለ12 ሰው ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 2 ሊትር ተኩል ያህል ይመጣል። «ቪ ኤይት» የሚባለው ላንድክሩዘር 4.5 ሊትር ሞተር ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 13 ሊትር ብንይዝለት 40 ሊትር ያህል ያስፈልገዋል፤ ለ7 ሰው ሲካፈል ወደ 6 ሊትር ይጠጋል። ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ጎማው፣ ፍሬኑና መለዋወጫውም ከዚሁ ጋር ይጨመራል። ሶማሌ ተራ ለሃይኤስ የማይገኝ ዕቃ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ለትልቁ መኪና ግን ዕቃው ቢገኝም ዋጋው ሌላ ነው።

ገበያውን የያዘው ምንድን ነው?

በአገራችን ያገለገለ መኪና እንደ ሌላው ዓለም በዓመት በዓመቱ ዋጋው እየወረደ አይሄድም። ምክንያቱ የመኪናው ጥራት ብቻ ሳይሆን የበሩ ጥበት ነው። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከ1800 ሲሲ በላይ ለሆነ አዲስ የቤት መኪና 100 በመቶ ታክስ ጣለ። ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለ ሲሆን ታክሱ እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። በዚህ ላይ የጉምሩክ ቀረጡ፣ ሱር ታክሱና ተጨማሪ እሴት ታክሱ አለ። ፕራዶም ላንድክሩዘርም ከ1800 ሲሲ በእጅጉ በላይ ናቸው።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የቤት አውቶሞቢሎች የውጭ ምንዛሪ ከተከለከለባቸው 38 ዓይነት ዕቃዎች መካከል ገቡ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታወቀ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥና የ38ቱ ዕቃዎች ክልከላ ሲነሳም ለነዳጅ መኪና የተዘጋው በር አብሮ አልተከፈተም።

ከዚህ የተነሳ አገር ውስጥ ያለው የናፍጣ ላንድክሩዘር ቁጥሩ የተወሰነ ሸቀጥ ሆኗል። ሻጮች «ይህ መኪና እንደ ወርቅ ነው» የሚሉት ይህን ይዘው ነው። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ነገር ግን ወርቅ አያረጅም፣ መኪና ያረጃል። ዋጋውን ያቆመው የመንግሥት ውሳኔ ከሆነ ደግሞ ሌላ ውሳኔ ሊያወርደው ይችላል። ወርቅ ብሎ የሚገዛ ሰው የፖሊሲ ለውጥ አደጋንም አብሮ መግዛቱን ይወቀው።

ኤሌክትሪኩስ?

መንግሥት በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪናን ከኤክሳይስ፣ ከሱር ታክስና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ አድርጎ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ ቀረጥ ብቻ ተወ። አዲስ አበባ ላይ በብዛት ከሚታዩት መካከል የቮልስዋገን አይዲ 6 ሦስት ረድፍ ወንበር ያለው ነው። ለከተማ ሥራ በነዳጅ ረገድ የሚወዳደረው የናፍጣ መኪና የለም።

ለወልቂጤና ለቡታጅራ ግን ሂሳቡ ይለያል። አምራቹ በወረቀት የሚሰጠው ርቀት ሰው ሞልቶ፣ ዳገት ሲወጣና በፍጥነት ሲነዳ ይቀንሳል። ስለዚህ 310 ኪሎ ሜትር ሳይሞሉ ደርሶ መልስ መሄድ የሚያስተማምን አይደለም፤ አገር ቤት መሙላት ይኖርበታል። ከተራ የቤት ሶኬት በ220 ቮልት 10 አምፒየር ቢወሰድ በሰዓት 2.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ሌሊቱን አሥር ሰዓት ቢሰካ 22 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሞላል፤ ይህም 110 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል። ሁለት ሌሊት ካደረ ለመመለስ ይበቃል፤ መብራት ካልጠፋ ማለታችን ነው። አይዲ 6 ለቻይና ገበያ ተብሎ የተሠራ በመሆኑም ከመግዛትዎ በፊት ለብልሽቱ ማን ኃላፊነት እንደሚወስድ በጽሑፍ ይጠይቁ። ጭቃዋ አሥር ኪሎ ሜትርም አለች፤ ቁመናው ትልቅ ስለሆነ ብቻ መኪናው በአራቱም ጎማ ይጎትታል ማለት አይደለም።

ከመፈረም በፊት

ትልቅ መኪና ሲገዛ ገንዘብ የሚጠፋው ከሞተሩ ይልቅ በወረቀቱ ነው። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ከተመታው ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። መኪናው ከቀረጥ ነፃ ገብቶ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል መብት ለሌለው ሰው ሊተላለፍ አይችልም። የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ አለመኖሩን አስቀድመው ያጣሩ። «ስሙ በኋላ ይዞራል፣ ለጊዜው በውክልና ይያዙት» የሚባለውን አይቀበሉ፤ ውክልና ሰጪው ቢሞት ውክልናው ይቀራል፣ እርስዎም ከወራሾች ጋር ይሟገታሉ።

ኮዱንም አይርሱ። ሚኒባስዎ በኮድ 3 የንግድ ሰሌዳ ሲሠራ የኖረ ከሆነ የቤት መኪናው የሚመጣው በኮድ 2 ነው። በኮድ 2 ሰው በክፍያ መጫን ሕገወጥ ነው። «በበዓል ሰሞን ጥቂት ሰው ጭኜ የነዳጁን አወጣለሁ» ማለት አይሠራም።

ታዲያ ማን ይለውጥ?

ሚኒባሱ ስምሪት ላይ ሆኖ በየቀኑ ገቢ የሚያስገባለት ሰው አይሽጠው። ለሳምንት ጭቃ የዓመት እንጀራን መሸጥ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ብዙ ባለንብረት የሚዘነጋው ሌላም ነገር አለ፤ የበዓል ሰሞን ለሚኒባስ ተሳፋሪ ተርፎ የሚገኝበት ጊዜ ነው። ያን ሰሞን መኪናውን ከመስመር አውጥቶ ቤተሰብ የሚጭንበት ሰው የዓመቱን ምርጥ ገበያ ነው የሚተወው። ሚኒባሱ ይሥራ፤ ለመንደሯ መንገድ ባለ አራት ጎማ ጉልበት መኪና ለጥቂት ቀን ይከራዩ። ኪራዩ ውድ ቢሆንም ከሙሉ መኪና ዋጋ ጋር አይነጻጸርም።

በየሳምንቱ ከቡታጅራ ወይም ከወልቂጤ ዕቃ የሚያመላልስ ነጋዴ ከሁለቱም ይልቅ ባለሁለት ጋቢና ፒክአፕ ይሻለዋል። ቤተሰቡንም ሸቀጡንም ይዞ ጭቃውንም ይወጣል።

ሚኒባሱ ዓመቱን ሙሉ ግቢ ቆሞ ለቤተሰብ ጉዞ ብቻ የሚወጣ ከሆነ፣ ልጆችም አድገው ከሰባት የማይበልጥ ሰው የሚጓዝ ከሆነ፣ ከአስፋልት ወርዶ መንደር መግባትም በዓመት ደጋግሞ የሚገጥም ከሆነ መለወጡ ተገቢ ነው። እዚያም ላይ ከ«ቪ ኤይት» ይልቅ ባለ 3 ሊትር ናፍጣ ፕራዶ ሥራውን ይሠራል፤ በነዳጅም በመለዋወጫም ይቀላል። ከእነዚህ ሦስት ሁኔታዎች አንዱ እንኳ ከጎደለ ግን ገንዘቡን ሱቅ ውስጥ ያቆዩት። ቤተሰቡ እርስዎን የሚጠብቀው ለመኪናው አይደለም፤ በግ የሚገዛውም፣ ክትፎ የሚቀርበውም ዓመቱን ሙሉ ከሠራው ገንዘብ ነው።