ያለ ሽቦ ለሚሠሩ መሣሪያዎች የማይዋዥቅ የባትሪ ኃይል ስለ ማዘጋጀት

ከቦሌ ተነሥተው ባሕር ተሻግረው የሚበሩት ታላላቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች፣ አደጋ ቢደርስባቸው ያሉበትን ስፍራ የሚያስታውቅ አነስተኛ የራዲዮ ማሰራጫ አላቸው። የአውሮፕላኑ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም መሥራት ስለሚገባው፣ ማሰራጫው የሚተማመነው በገዛ ባትሪው ነው። በ406 ሜጋኸርትስ ወደ ሳተላይት የሚልከው ምልክት ግማሽ ሴኮንድ ያህል የሚቆይ ምት ሲሆን፣ ይኸውም በየ50 ሴኮንዱ ገደማ ይደጋገማል፤ ጉልበቱም 5 ዋት ያህል ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ለእንዲህ ያለው መሣሪያ የማይዋዥቅ ኃይል እንዴት እንደሚዘጋጅና፣ ዝግጅቱ ቢጓደል ምን ሊደርስ እንደሚችል ያስረዳል።

ችግሩ የሚመነጨው ከምቱ ነው። በምትና በምት መካከል ከባትሪው የሚፈለገው ኃይል ጥቂት ነው፤ ምቱ ሲመጣ ግን በድንገት ብዙ ከረንት ይጠየቃል። ማንኛውም ባትሪ ደግሞ በውስጡ ፍሰቱን የሚያግድ ሬዚስታንስ አለው፤ ይህም ባትሪው ሲደክምና ሲቀዘቅዝ ይጨምራል። የደከመ የራዲዮ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ለጥቂት ጊዜ የሚያገግመው፣ ሙቀቱ ይህን ሬዚስታንስ ስለሚቀንሰው ነው።

ለምሳሌ በአንድነት 6 ቮልት የሚሰጡ አራት ድንጋዮች በውስጣቸው በጠቅላላው 4 ኦም ሬዚስታንስ አላቸው እንበል። መሣሪያው 0.05 አምፔር ሲወስድ የሚጎድለው 0.2 ቮልት ብቻ ነው፤ 0.5 አምፔር ሲወስድ ግን 2 ቮልት ይጎድልና ለመሣሪያው 4 ቮልት ብቻ ይቀረዋል። ስለዚህ ባትሪን ሥራ ሳያሠሩ መለካት ያታልላል፤ መለካት የሚገባው በምቱ ጊዜ ነው።

ለዚህ ሁለት መድኃኒቶች አሉ። አንደኛው ከማሰራጫው አጠገብ ካፓሲተር ማኖር ነው፤ ጥቂት ሚሊሴኮንድ ለሚቆይ ምት ካፓሲተሩ ያጠራቀመውን ይሰጣል። ግማሽ ሴኮንድ ለሚቆይ ብርቱ ምት ግን ባትሪው ራሱ ሸክሙን መቻል አለበት። ሁለተኛው ቮልቱን በአንድ ልክ የሚይዝ ሬጉሌተር ነው። ሆኖም ቮልት ከፍ የሚያደርገው ዓይነት፣ ባትሪው በደከመ መጠን ይበልጥ ብዙ ከረንት ይስባል፤ ይህም ባትሪውን የባሰ ያደክመዋልና፣ ቮልቱ ከተወሰነ ልክ ሲወርድ ሥራውን የሚያቋርጥ ወሰን ሊበጅለት ይገባል።

ይሁን እንጂ ቮልትን ማስተካከል ብቻውን አይበቃም። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. «ንግሥተ ሳባ» የተባለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 አውሮፕላን፣ ማንም ሳይኖርበት በለንደን ሂዝሮው ቆሞ ሳለ በጭራው አካባቢ በላይኛው ክፍል እሳት ተነሣበት። የእንግሊዝ አየር አደጋ መርማሪዎች በነሐሴ 2007 ዓ.ም. ባወጡት ዘገባ የእሳቱ ምንጭ ይኸው የአደጋ ጊዜ ማሰራጫ መሆኑን ገለጡ። የሊቲየም ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ባትሪው ሽቦዎች ከክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው ስለ ነበር፣ ባትሪው በአቋራጭ ሳይታገድ የሚፈስበት መንገድ ተከፍቶ ነበር።

በባትሪው ውስጥ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ጨምሮ ፍሰቱን የሚያንቅ መከላከያ ነበረ። እንዲህ ያለው መከላከያ ግን ሲቀዘቅዝ መንገዱን መልሶ ይከፍታል፤ ሥራ የሚጀምርበትም ልክ ሁልጊዜ አንድ አይደለም። መርማሪዎቹ እንደ ደረሱበት መከላከያው የታሰበውን ጥበቃ አልሰጠም፤ ይህ ጠባዩም በንድፉ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ለመታሰቡ ማስረጃ አልተገኘም። ሴሎቹን የሚለይ ግድግዳም ስላልነበረ፣ የአንዱ ቃጠሎ ወደ ቀሩት ፈጥኖ ተዛመተ። ሕይወት ለማዳን የተሠራው ዕቃ እሳት አስነሣ፤ በሰማይ ላይ ሳለ አለመነሣቱ ታላቅ ዕድል ነው።

እንግዲህ ባትሪ ያለው መሣሪያ የሚነድፍ ተማሪ ሦስት ነገሮችን ይመርምር፦ በምቱ ጊዜ ቮልቱ ምን ያህል እንደሚወርድ፣ ሽቦው ቢጨፈለቅ ከረንቱ በየት እንደሚሄድ፣ አንድ ሴል ቢነድ ጎረቤቱ እንዴት እንደሚድን። የመጀመሪያው ለመሣሪያው ሥራ፣ የቀሩት ሁለቱ ለሰው ደኅንነት ናቸው።