ማርን በስኳር ፋንታ ለዳቦ መጠቀም

በደቡብ ጎንደር በሐሙሲት አካባቢ ኑግና አደይ አበባ ሲያብቡ የተሠራው ማር በኅዳር ይቆረጣል። አብዛኛው ከነሰፈፉ ለጠጅ ይሸጣል፤ ሆኖም ስኳር ሲወደድ ለዳቦም ያገለግላል።

ማር ከስኳር ይበልጥ ይጣፍጣል፤ ከክብደቱም አንድ ስድስተኛ ያህሉ ውሃ ነው። ስለዚህ በ1 ብርጭቆ ስኳር ፋንታ ሦስት ሩብ ብርጭቆ የተጣራ ማር ተጨምሮ ከማቡኪያው ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ ያህል እንዲቀነስ እንመክራለን። ማር ቶሎ ስለሚያር እሳቱ ለዘብ ይበል። የረጋ ማር ከነዕቃው ሙቅ ውሃ ውስጥ ይቀመጥ እንጂ እሳት ላይ አይጣድ።

ማስጠንቀቂያ፦ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማርም ሆነ ማር የገባበት ምግብ አይቅመስ። በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ረቂቅ ተሕዋስ በሕፃኑ አንጀት ገዳይ መርዝ ያመነጫል፤ የዳቦ እሳትም አያጠፋውም። የልማት ሠራተኞችና ማኅበራት ይህን አስቀድመው ለእናቶች እንዲያስረዱ አደራ እንላለን።