ከአምስት ኪሎ እስከ መልካ ቁንጥሬ፦ የቅድመ ሰው ሙዚየም ጉብኝት ሲታሰብ

አዲስ አበባ ያደገ ሰው አምስት ኪሎ የሚገኘውን ብሔራዊ ሙዚየም ቢያንስ አንድ ጊዜ አይቶታል። ብዙውን ጊዜ ግን ያየው በተማሪነቱ፣ በሰልፍ ገብቶ፣ ከኋላው ያሉት እየገፉት ነው። ጥንታዊቷ ቅድመ ሰው ድንቅነሽ ካለችበት መስታወት ፊት ትንሽ ቆም ይላል፤ «ይህን ያህል ትንሽ ናት እንዴ?» ብሎ ያልፋል። ቤቱ ሲገባ ስለ ንጉሡ ዙፋን ያወራል እንጂ ስለ እሷ የሚያነሳው ነገር አይኖረውም። ይህ በጣም ያስቆጫል። በሰው ዘር አመጣጥ ጥናት የኢትዮጵያን ያህል ረጅምና ያልተቋረጠ ማስረጃ ያስገኘ አገር ጥቂት ነውና፣ ቅርሱ ደጃችን ሆኖ ሳናየው ማለፋችን ተገቢ አይደለም። ጉድለቱ ከዝግጅት ማነስ የሚመጣ ነው። ዘውድና ሥዕል ለማንም ተመልካች ያምራሉ፤ አጥንት ግን የሚናገረው ምን እንደሚጠይቀው አስቀድሞ ላወቀ ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ ዝግጅቱ ቤት ይጀምራል፤ መጀመሪያ የዘመኑን ቅደም ተከተል መያዝ ያስፈልጋል። ከመካከለኛው አዋሽ የተገኘውና ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ያስተዋወቀው አርዲፒቴከስ ካዳባ ከ5 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። የአርዲፒቴከስ ወገን የሆነችው አርዲ 4.4 ሚሊዮን፣ ከዲኪካ የተገኘችው ሕፃን ሰላም 3.3 ሚሊዮን፣ ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ናቸው። ከሌዲ ገራሩ የወጣው፣ ሆሞ ከተባለው የእኛ ወገን እስካሁን ከታወቁት ሁሉ ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ የሆነው መንጋጋ 2.8 ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል። ስለሺ ሰማውና ባልደረቦቹ ጎና ላይ ያጠኗቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ወደ 2.6 ሚሊዮን ይጠጋሉ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ዘልለን ቦዶ ከተባለ ቦታ የተገኘውን የራስ ቅል፣ ቀጥሎም የእኛኑ ዝርያ፣ ከኦሞ ኪቢሽና ከሄርቶ የተገኙትን ሰዎች እናገኛለን። ይህን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ በኪስ መያዝ ይበቃል።

ቁጥሮቹ ከየት እንደመጡ ማወቅም ይጠቅማል፤ «በምን አወቁት?» የሚለው ጥያቄ ሙዚየም ውስጥ ከልጅም ከአዋቂም አፍ አይጠፋም። የስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራዎች በየዘመኑ አመድ ተፍተዋል፤ አመዱም በደለሉ መካከል እንደ ንጣፍ ተኝቷል። በአመዱ ክሪስታሎች ውስጥ ያለው ፖታሲየም በታወቀ ፍጥነት ወደ አርገን ጋዝ ስለሚለወጥ፣ የተጠራቀመው ጋዝ ሲለካ አመዱ የወረደበት ጊዜ ይታወቃል። አጥንቱ ከሁለት አመዶች መሀል ከተገኘ ዕድሜው በሁለቱ ዕድሜ መካከል ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ አመድ የሌለባቸው የደቡብ አፍሪካ ዋሻዎች ዕድሜያቸውን ለመወሰን ብዙ ያከራከሩት በዚህ ምክንያት ነው። ልኬቱ ሲሻሻል ደግሞ ቁጥሩ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1967 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) የተገኙት የኦሞ ኪቢሽ ሰዎች መጀመሪያ 130 ሺህ ዓመት ገደማ ተሰጣቸው፤ በ2005 ወደ 195 ሺህ ከፍ አሉ፤ በ2022 የወጣው ጥናት ደግሞ ከ230 ሺህ ዓመት እንደማያንሱ አሳየ። የአንድ ሙዚየም መግለጫ ጽሑፍ ካነበብነው መጽሐፍ ጋር ባይስማማ አንዱ ዋሽቷል ማለት አይደለም፤ የተጻፉበትን ዓመት ማየት ነው።

አሁን ወደ አምስት ኪሎ እንግባ። ሙዚየሙ ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ካለው የኢትኖሎጂ ሙዚየም ጋር የሚያምታቱት አሉና ለታክሲ ሲነገር መለየት ይገባል፤ ድንቅነሽ ያለችው አምስት ኪሎ ነው። የቅሪተ አካል ክፍሉ ምድር ቤት ሲሆን፣ የነገሥታቱ ዕቃና ሥዕሎቹ ከላይ ናቸው። ሁሉንም በአንድ ቀን ለማየት ከመጣደፍ ይልቅ ጉልበትም ትዕግሥትም ሳይደክም ምድር ቤቱን አስቀድሞ፣ ላዩን ለተረፈው ጊዜ መተው የተሻለ ነው። ተማሪዎች በብዛት የሚመጡበትን ሰዓት ማለፍ ከተቻለ ደግሞ ምድር ቤቱ ጸጥ ይላል።

አንድ ነገር አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ የሚታየው የድንቅነሽ አጥንት ቅጂ ነው። ዋናው በጥንቃቄ ተቆልፎ ይቀመጣል። ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ለምን ሄድኩ?» የሚሉ አሉ፤ ቅሬታቸው ቢገባኝም ትክክል አይመስለኝም። ቅጂው በቀጥታ ከአጥንቱ ላይ ስለሚወሰድ ስንጥቁንም ጉድለቱንም ያሳያል፤ ዓይን የሚፈልገው ቅርጹን ነው። ዋናውማ ሦስት ሚሊዮን ዓመት የቆየ ተሰባሪ ነገር ስለሆነ በየቀኑ ብርሃንና ንዝረት ሊቀበል አይገባውም።

ድንቅነሽን እ.ኤ.አ. ኅዳር 1974 አፋር ሀዳር ላይ ያገኟት ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ ናቸው። ከአጽሟ ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው ተርፏል። እዚህ ፊት ሲቆሙ ዓይን በልማድ የራስ ቅሉን ይፈልጋል፤ ከራስ ቅሏ የተረፈው ግን ትንሽ ስብርባሪ ነው። ይልቅ ዳሌዋን ተመልከቱ። የቺምፓንዚ ዳሌ ረጅምና ጠባብ ነው፤ የእሷ አጭር ሆኖ ወደ ጎን የተዘረጋ፣ ከእኛው የሚቀራረብ ነው። በሁለት እግር የሚሄድ አካል አንዱን እግር ባነሳ ቁጥር ወደ ጎን እንዳይወድቅ የሚይዙት ጡንቻዎች የሚታሰሩት እዚያ ላይ ነው። ቀጥሎ የጭን አጥንቷን ከላይ ወደ ታች ተከተሉት፤ ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ቆማችሁ የራሳችሁን ጭን ብትዳስሱ ያንኑ ታገኛላችሁ፤ የቺምፓንዚ ጭን ግን ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ጆሃንሰን ድንቅነሽ ከመገኘቷ አንድ ዓመት በፊት በ1973 እዚያው ሀዳር ላይ አንድ ጉልበት ብቻ አግኝቶ «ይህ ቆሞ ይሄድ ነበር» ያለው በዚህ ምልክት ነው። የአእምሮዋ መጠን ከቺምፓንዚ ብዙም አይበልጥም ነበር። እግራችን ቀድሞ፣ ጭንቅላታችን በጣም ዘግይቶ መምጣቱን እነዚህ ሁለት አጥንቶች ከዚህ ጋር ሲታዩ ያስረዳሉ። ቆሞ የሚታየው ሌላው ቅጂዋ አጠገብ ስትደርሱ ቁመቷ አንድ ሜትር ከጥቂት እንደሆነ በራሳችሁ ወገብ ትለኩታላችሁ። ልጅ ናት ብላችሁ ግን አትለፉ፤ የመጨረሻው መንጋጋ ጥርሷ ወጥቷል፣ አዋቂ ነበረች።

ሰላም እውነተኛዋ ልጅ ናት፤ ስትሞት ሦስት ዓመት ገደማ ነበረች። በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን በ2000 አገኛትና አጥንቷን ከያዘው የአሸዋ ድንጋይ ቅንጣት በቅንጣት ሲለያይ ዓመታት ፈጀበት፤ ለዓለም ይፋ የሆነችው በ2006 ነው። የትከሻ አጥንቷ ወደ ዝንጀሮዎቹ ያደላል፣ እግሯ ደግሞ የሚራመድ ፍጡር እግር ነው። ከእነ ድንቅነሽ ወገን መሆኗን አስቦ መሬት ላይ እየሄዱ ዛፍም ይወጡ እንደነበር ማየት ይቻላል። አርዲም በዚሁ ዓይን ብትታይ ትገለጣለች፤ ቆማ ትሄዳለች፣ የእግሯ አውራ ጣት ግን እንደ እጅ ይጨብጣል። በ1994 ተገኝታ ጥናቷ በ2009 የታተመው አጥንቷ ሲነካ የሚፈርስ ስለነበረ ነው።

ብዙ ቤተሰብ ይህን ጉብኝት የሚያዘገየው በሌላ ምክንያት ነው፤ ልጆች «ሰው ከዝንጀሮ መጣ ወይ?» ብለው ሲጠይቁ ከእምነታቸው ጋር እንዳይጋጭ ይፈራል። ፍርሃቱን አከብራለሁ፤ መሸሹን ግን አልመክርም። ሳይንሱ ሰው ዛሬ ከምናያቸው ዝንጀሮዎች ወጣ አይልም፤ ከቺምፓንዚ ጋር በጣም ሩቅ በሆነ ዘመን የጋራ ቅድመ አያት ነበረን ነው የሚለው። ወላጅ ይህን አስቀድሞ ካስረዳ ልጁ በጥያቄው አያፍርም፤ በቤቱ የተማረውንም ንቆ አይወጣም።

ሙዚየሙን ያየ ሰው በሌላ ቀን መልካ ቁንጥሬ ቢሄድ መስታወት ውስጥ ያየውን ዓይነት ነገር መሬት ላይ ያገኛል። ቦታው በቡታጅራ መንገድ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ አዋሽን ይዞ የተዘረጋ ነው። በ1963 ለጥናት ያበቃው ሆላንዳዊው የውኃ ባለሙያ ጄራርድ ዴከር ነበር። በጎጆ ቅርጽ በተሠሩት ቤቶች ውስጥ መሣሪያዎቹና አጥንቶቹ በዘመን ተደርድረዋል፤ ጎምቦሬ በተባለው የመልካ ቁንጥሬ ክፍል ደግሞ የተቆፈረው ወለል ድንጋዩና አጥንቱ እንደተገኘ ሳይነሣ ይታያል። የባልጩት ድንጋይ መገኛው ባልጪት ሩቅ አይደለም፤ እዚህ የኖሩት ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ ያንን ጥቁር፣ እንደ መስታወት የሚቆርጥ ድንጋይ ጠርበዋል። በጎምቦሬ ከተገኘው ሁሉ ልቤን የሚነካው 700 ሺህ ዓመት የሆነው የእግር ዱካ ነው። ከዱካዎቹ መካከል ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት የሚሆናቸው ሕፃናት እግር አለ። ውኃ ዳር፣ ጉማሬ በሚመላለስበት ጭቃ ላይ፣ ታላላቆቹ ድንጋይ ሲጠርቡ ልጆቹ አብረው ነበሩ። ዩኔስኮ ቦታውን ከባልጪት ጋር በ2024 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከአስጎብኚ ጋር መዞር፣ ኮፍያና ውኃ መያዝ፣ በክረምት ጭቃ የሚችል ጫማ ማድረግ ያስፈልጋል። ማልዶ የተነሳ ሰው በዚያው መንገድ ቀጥሎ የጢያን ትክል ድንጋዮች አይቶ ሊመለስ ይችላል።

ውጭ ለሚኖሩ ወገኖችም መንገዱ ዝግ አይደለም። ዋሽንግተን አካባቢ ያሉት የስሚዝሶኒያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አላቸው፤ በ2010 የተከፈተው የሰው አመጣጥ አዳራሹ የመግቢያ ክፍያ አይጠየቅበትም። አብዛኛው ቅጂ ሲሆን ከኢራቅ ሻኒዳር ዋሻ የወጣ የኒያንደርታል ሰው ዋና አጽም ግን ይታያል። አውሮፓ ያሉት ደግሞ በ2025 ድንቅነሽና ሰላም ራሳቸው ፕራግ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ለሕዝብ ሲቀርቡ የማየት ዕድል ነበራቸው። ወደ ናይሮቢ የሚያልፍ ሰው በ1984 ቱርካና ሐይቅ አጠገብ የተገኘውን፣ 1.5 ሚሊዮን ዓመት ያለፈውን ልጅ በኬንያ ብሔራዊ ሙዚየም ይጠይቅ። ከድንቅነሽ ቀጥሎ እሱን ያየ ሰው እግሩ እንዴት እንደረዘመ፣ ክንዱ እንዴት እንዳጠረ፣ አካሉ በስንት ደረጃ ወደ እኛ እንደቀረበ ያለ አስረጂ ይለየዋል።