የቲም በቤተሰብ ገበታ፦ በዘወትርና በዒድ ቀን

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

በየዓመቱ ረመዷን ሲቃረብ ስለ ዘካና ስለ ሰደቃ መጠን ብዙ ይነገራል፤ ብዙም ይጻፋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናነሳው የፈለግነው ግን ገንዘቡ ከደረሰ በኋላ በቤት ውስጥ ስለሚሆነው ነገር ነው። ይኸውም የቲሙ ስለሚቀርብበት ማዕድ፣ ስለ ፀጉሩ፣ ስለ ዒድ ልብሱና ስለሚጠራበት ስም ነው። እነዚህ የቤት ጉዳዮች ተራ ቢመስሉም በቁርኣንና በሐዲስ ከፍ ያለ ስፍራ ተሰጥቷቸዋል።

አስቀድመን ቃሉን እናብራራ። በሸሪዓ አነጋገር የቲም የሚባለው ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን ሳይደርስ አባቱ የሞተበት ልጅ ነው። በአገራችን ልማድ እናቱን ብቻ ያጣውንም የሙት ልጅ እንለዋለን፤ ርኅራኄውም ለሁለቱ እኩል ይገባል። ሸሪዓው በአባት ሞት የወሰነው የልጁ ቀለብ በመጀመሪያ ደረጃ የአባት ግዴታ ስለሆነ ነው።

የየቲሞችን ገንዘብ በግፍ የሚበሉ ሰዎችን በእሳት የሚያስጠነቅቀው የሱረቱ ኒሳእ 10ኛው አንቀጽ በወረደ ጊዜ ሶሐቦች እጅግ ደነገጡ። ኢብኑ ዐባስ አስተላልፈውት አቡ ዳውድ እንደዘገቡት፣ በቤቱ የቲም የሚያሳድግ ሰው ሁሉ የልጁን ምግብና መጠጥ ከራሱ ለየ። ልጁ በልቶ የተረፈው ለእርሱ ብቻ ይቀመጥለታል፤ ተመልሶ ካልበላው እስኪበላሽ ድረስ ማንም አይነካውም። ይህ አኗኗር ለአሳዳጊዎቹ ከበዳቸውና ጉዳዩን ለአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) አቀረቡ። በዚህ ጊዜ የሱረቱል በቀራህ 220ኛው አንቀጽ ወረደ። አንቀጹ የየቲሞችን ጉዳይ ማሳመር መልካም መሆኑን ገልጾ፣ ከእነርሱ ጋር ተቀላቅሎ መኖርን ፈቀደ፤ ወንድሞችም አላቸው። ሶሐቦችም ምግቡን መልሰው ቀላቀሉት።

በዚህ ታሪክ ላይ ቆም ብለን ልናስብ ይገባል። ምግቡን የለዩት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ሒሳባቸው ንጹሕ እንዲሆን የፈለጉ፣ አላህን የሚፈሩ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን የሒሳቡ ጥራት ልጁን ብቻውን እንዲበላ አደረገው። እንደ እኛ አስተያየት፣ ጥቂት ጉርሻ ከአንዱ ወደ ሌላው ማለፉ የልጁን ለብቻ መቀመጥ ያህል አይጎዳም። እርግጥ ነው፣ መቀላቀሉ የተፈቀደው ለዕለት ኑሮ ነው። ከአባቱ የወረሰው ቤት፣ መሬት ወይም የጡረታ አበል ግን ተለይቶ ተመዝግቦ እስኪያድግ ድረስ ሊጠበቅለት ግድ ነው።

መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው የቲም ነበሩ። አባታቸው ዐብደላህ የሞቱት እርሳቸው ከመወለዳቸው በፊት ሲሆን፣ እናታቸው አሚና ደግሞ የ6 ዓመት ልጅ ሳሉ በመካና በመዲና መካከል አብዋእ በተባለ ስፍራ አረፉ። ከዚያ ስፍራ ይዛቸው ወደ መካ የተመለሰችው በረካ ወይም ኡሙ አይመን በመባል የምትታወቀው ሐበሻዊት ሴት ናት። በ8 ዓመታቸውም አያታቸው ዐብዱል ሙጦሊብ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ያሳደጓቸው አጎታቸው አቡ ጧሊብ ሀብታቸው ጥቂት፣ ልጆቻቸው ብዙ ነበሩ። እንግዲህ የተከበሩት ነብይ ያደጉት ሌሎች ልጆች ባሉበት፣ ምግቡም እንደልብ ባልሆነበት ቤት ነው።

ኋላም የሌሎችን የቲሞች ጉዳይ የያዙት በዚያው የቤት ወግ ነው። የመጀመሪያዎቹን ስደተኞች ወክለው በነጃሺ ፊት የተናገሩት ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ (በ629) በሙእታ ዘመቻ ተሰዉ። ከልጆቻቸው አንዱ ዐብደላህ የተወለደው በሐበሻ ምድር ነበር። መርዶው በደረሰ ጊዜ መልእክተኛው ለጀዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራ አዘዙ፤ ኀዘን የያዘው ቤት እሳት የሚያነድበት ልብ የለውምና። በአገራችን ጎረቤት ለለቅሶ ቤት ምግብ ይዞ የሚሄድበት ልማድ ከዚህ ሱና ጋር የሚስማማ ነው። ከ3 ቀን በኋላ ደግሞ ልጆቹን አስጠሯቸው፤ ፀጉር የሚላጭ ሰው አስመጥተውም ፀጉራቸውን አስላጩላቸው። እያንዳንዱንም እያዩ ማንን እንደሚመስል ተናገሩ፤ ዐብደላህን እርሳቸውን እንደሚመስል ነገሩት። እናታቸው አስማእ ቢንት ዑመይስ የልጆቿን አባት አልባ መሆን ባነሳች ጊዜ፣ እርሳቸው ኃላፊያቸው እንደሆኑ አረጋገጡላት። ስለ ኃላፊነት የተነገረው ቃል ፀጉር ከማስተካከል ጋር በአንድ ታሪክ መገኘቱ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። ፀጉሩ ያደገን ልጅ አይቶ ማሰብ በተለምዶ የአባት ሥራ ነው፤ አባት ሲታጣም መጀመሪያ የሚረሳው እንዲህ ያለው ነገር ነው።

ሌላው ዑመር ኢብኑ አቢ ሰለማ ነው። ወላጆቹ አቡ ሰለማና ኡሙ ሰለማ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት መካከል ነበሩ። አባቱ በኡሑድ ያገኛቸው ቁስል አገርሽቶባቸው በ4ኛው ዓመተ ሂጅራ ሲሞቱ እናቱን መልእክተኛው አገቧት፤ ዑመርም በቤታቸው አደገ። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ልጅ ሳለ እጁ በሳህኑ ዙሪያ ሁሉ ይዞር እንደነበር ራሱ ይናገራል። መልእክተኛውም የአላህን ስም እንዲያነሳ፣ በቀኝ እጁ እንዲበላ፣ ከፊት ለፊቱም እንዲበላ አስተማሩት። ከዚያ በኋላ አበላሉ ይኸው እንደሆነ መስክሯል። ዛሬ ልጆቻችንን በትሪ ዙሪያ አስቀምጠን «ቢስሚላህ በል፣ ከፊትህ ብላ» ስንል የምንደግመው በአንድ የቲም ምክንያት የተነገረውን ሥርዓት ነው። ልጁ የታረመው ከአንድ ሳህን አብሮ ይበላ ስለነበር ነው። በማዘን ብዛት የቲምን ከቶ የማይቆጡ አሳዳጊዎችም ይህን ቢያስቡ መልካም ነው፤ የማይታረም ልጅ በዚያ ቤት እንግዳ መሆኑን ፈጥኖ ያውቃል።

ምግብ ማቅረብ፣ ልብስ ማጠብ፣ የቁርኣን ትምህርቱን መጠየቅ በኒያ ወደ ዒባዳ ይለወጣሉ። ሰው በሚስቱ አፍ የሚያኖራት ጉርሻ እንኳ የአላህን ፊት ከፈለገባት ምንዳ እንዳላት በሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ ሐዲስ ተነግሯል። የቲም በሚያሳድግ ቤት ይህ በቀን ብዙ ጊዜ የሚገኝ ዕድል ነው።

አሁን ወደ በዓላቱ እንምጣ። ዘካተል ፊጥር በቤተሰቡ አባላት ልክ ለእያንዳንዱ፣ ለሕፃናቱም ጭምር፣ አንድ ሷዕ እህል ነው። ይህም በሁለት እጅ የተዘገነ አራት እፍኝ ሲሆን እንደ እህሉ ዓይነት ከ2 እስከ 3 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ከዒድ ሰላት በፊት ለድኾች መድረስ አለበት፤ ከሰላት በኋላ ከሆነ እንደ ማንኛውም ሰደቃ ይቆጠራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ጉዳይ አለ። የሻፊዒይ መዝሀብን ጨምሮ በብዙኃኑ ዑለማእ ዘንድ፣ ለዒድ ቀንና ሌሊት ከሚበቃው ቀለብ የተረፈው ሰው ሁሉ ዘካተል ፊጥር የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ሐነፊዮች ግን የኒሷብን መጠን ይጠይቃሉ። በብዙኃኑ አስተያየት እንግዲህ፣ በእርዳታ የምትኖር እናት ቀለቧ ከሞላ እርሷም ሰጪ ናት። እህሉ ቀደም ብሎ ከደረሳት ልጇ መስፈሪያውን ይዞ ከእነርሱ ይበልጥ ወደ ተቸገረ ጎረቤት መሄድ ይችላል። ዓመቱን ሙሉ ሲሰጠው የኖረ ልጅ በዚያ ማለዳ የሰጪ እጅ ይኖረዋል። ለጋሾች እህሉን በዒድ ዋዜማ ምሽት ሳይሆን ቀደም ብለው እንዲያደርሱ የምናሳስበው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሌላው ደግሞ የቲም መሆን ብቻውን ዘካ የሚያስገባ አለመሆኑ ነው። በሱረቱ ተውባህ 60ኛ አንቀጽ ከተዘረዘሩት 8 ወገኖች መካከል የቲም በስሙ አልተጠቀሰም፤ የሚገባው ድኻ ወይም ምስኪን ሲሆን ነው። ሰደቃ ግን ለማንኛውም የቲም ይሰጣል።

ስለ ዒድ ልብስ ያለንን አሳብ በግልጽ እንናገራለን። ለ50 ልጆች አንድ ዓይነት ልብስ ማሰፋት ለአሠራር ይቀላል፤ ነገር ግን ሰፈሩ ሁሉ የእርዳታ ልብስ መሆኑን ያውቀዋል። ልጆችን አሰልፎ ስጦታ ሲቀበሉ ፎቶግራፍ ማንሳትንም አንደግፍም። ገንዘቡ ለእናቲቱ ወይም ለአሳዳጊው ይሰጥ፤ ልጁም ከእርሷ ጋር ገበያ ወጥቶ፣ ለክቶ፣ ቀለም መርጦ ይግዛ። በዒድ ማለዳ «ማን ገዛልህ?» ሲባል «እናቴ» ብሎ ይመልሳል፤ መልሱም እውነት ነው። ለጋሹ ከዚህ የሚጎድልበት ምንዳ የለም።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለዒድ በሄዱበት መንገድ ሳይሆን በሌላ መንገድ ይመለሱ ነበር። ይህን ሱና የምትከተሉ ቤተሰቦች መመለሻችሁን በአንድ የቲም ቤት በኩል ብታደርጉት መልካም ነው። ነገር ግን እንደ ጎረቤት ቡና ጠጡ፤ እንደ ተቆጣጣሪ አትጠይቁ። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ግቡ፤ እነርሱ ጨዋታ ይጀምራሉ።

በዐረፋ ጊዜ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። በስልጤና በጉራጌ ሙስሊሞች ዘንድ ዐረፋ ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች ወደ ትውልድ ቀዬ የሚገባበት ታላቅ የቤተሰብ በዓል ነው። አባት በሕይወት ሳለ ልጆቹን ይዞ ይሄድ ነበር፤ አባት ከሞተ በኋላ ግን የመኪናው ዋጋ ስለማይገኝ ጉዞው ይቀራል። ልጁም አያቶቹን፣ የአጎቶቹን ልጆች፣ የአባቱን አገር ሳያውቅ ያድጋል። ለኡድሒያ በግ የሚሰጥ ለጋሽ ብዙ ነው፤ የመሳፈሪያ ዋጋ የሚሰጥ ግን ጥቂት ነው። ዝምድናን መቀጠል ግዴታ እንደመሆኑ፣ ይህ ወጪ ከሥጋው የሚያንስ አይደለም። ሥጋውም ቢሆን ለእናቲቱ ጥሬው ቢደርሳት ትሠራዋለች፤ እንግዳም ትጋብዝበታለች።

ስሙን በሚመለከት፣ ሱረቱል አሕዛብ በ5ኛው አንቀጽ ልጆች በአባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ ያዛል። በአገራችን የልጅ ስም ተከትሎ የሚመጣው የአባት ስም ነውና ትእዛዙ በየትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ይታያል። አንዳንድ አሳዳጊ አጎቶች በፍቅር ተነሳስተው ልጁን በራሳቸው ስም ያስመዘግባሉ፤ ይህ ግን የአባቱን ስም የሚያስጠፋ፣ ኋላም በውርስና በጋብቻ ጉዳይ የሚያሳስት ነው። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ሰው ሲሞት ከማይቋረጡለት ሦስት ሥራዎች አንዱ ዱዓ የሚያደርግለት መልካም ልጅ መሆኑ ተገልጿል። የአባቱን ስም ይዞ ያደገ ልጅ በዒድ ማለዳ ለማን ዱዓ እንደሚያደርግ ያውቃል።

የዒድ ልብስ ገንዘብ በረመዷን የመጨረሻዎቹ 10 ቀናት ከደረሰ እናቲቱ የምትገዛው ዋጋው ንሮ፣ ልኩም ጠፍቶ ነው። ስለዚህ በሸዕባን ወር ውስጥ፣ የዐረፋውን መሳፈሪያ ደግሞ ዙል ሒጃህ ከመግባቱ በፊት ታደርሱ ዘንድ እንጠይቃለን። አላህ ከሁላችን ይቀበለን።